ተተኪ የነዳጅ ፓምፕ በቤንዚን መኪና ላይ፦ አገጣጠሙና የብልሽት ምርመራው

መግቢያ

አንድ የቤንዚን መኪና ዳገት ሲወጣ ጉልበት ካጣ፣ ጠዋት ለመነሣት ካስቸገረ ወይም በመንገድ ላይ ድንገት ከጠፋ፣ ጥርጣሬ ቶሎ ከሚያርፍባቸው ክፍሎች አንዱ የነዳጅ ፓምፑ ነው። ፓምፑ በታንክ ውስጥ የተሰወረ ስለሆነ ሁኔታው በዓይን አይታይም፤ በመሆኑም በብዙ ጋራዦች ከመመርመር ይልቅ መለወጥ ይቀናል። አዲሱ ፓምፕ ከተገጠመ በኋላ መኪናው ለጥቂት ሳምንታት ደኅና ሠርቶ ያው ችግር ሲመለስ ደግሞ ጥፋቱ በዕቃው ላይ ይላከካል፤ ሁለተኛ ፓምፕም ይገዛል።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ልዩ ክብደት አለው። በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ከሚሽከረከሩት የቤት መኪኖች ብዙዎቹ በውጭ አገር አገልግለው የገቡና ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና በጥገና ማቆየት ለባለንብረቱ ዋነኛው አማራጭ ሆኗል። በመርካቶ ሶማሌ ተራና በሌሎች የመለዋወጫ መደብሮች የሚሸጡት ፓምፖችም አብዛኛውን ጊዜ ተተኪ፣ ማለትም የመኪናው አምራች በስሙ ያላቀረባቸው፣ ሌሎች ድርጅቶች የሠሯቸው ናቸው። ከእነዚህ መካከል ጥሩም ደካማም አለ፤ ሆኖም ጥሩውም ቢሆን በተበላሸ ሁኔታ ውስጥ ከተገጠመ አይበረክትም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ የሚከተለው ነው፦ የነዳጅ ፓምፕ ብቻውን የሚሠራ ዕቃ ሳይሆን ከሽቦው፣ ከወንፊቱ፣ ከፊልትሮውና ከነዳጁ ጋር አንድ ሥርዓት የሚሠራ ክፍል ነው። ስለዚህ ከመለወጡ በፊትም ሆነ ከተለወጠ በኋላ አራት ነገሮች፣ ማለትም ግፊት፣ የፍሰት መጠን፣ ቮልቴጅና የኤሌክትሪክ ጅረት ካልተለኩ፣ የትኛው ክፍል እንዳጠፋ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

1. የፓምፑ ሥራና አሠራር

በካርቡራቶር የሚሠሩ አሮጌ መኪኖች ነዳጅ የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ በሞተሩ ጎን በተገጠመ ሜካኒካል ፓምፕ ነው። ይህ ፓምፕ የሚሰጠው ግፊት ከ20 እስከ 40 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ የካርቡራቶሩን ሳሕን ለመሙላት ይበቃል። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 ዲ-ጄትሮኒክ የተሰኘውን የኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ መርጫ ሥርዓት በቮልስዋገን መኪና ላይ ካዋለ ወዲህ ግን፣ ነዳጁ በኢንጀክተር በኩል እየተረጨ እንዲገባ ከፍ ያለና የማይዋዥቅ ግፊት አስፈለገ። ዛሬ በኢትዮጵያ በብዛት በሚታዩት እንደ ቶዮታ ቪትዝና ኮሮላ ባሉ መኪኖች፣ ነዳጁ በቫልቭ አቅራቢያ በሚረጭባቸው ሞተሮች የሚፈለገው ግፊት ከ300 እስከ 350 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ነዳጅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጭባቸው አዳዲስ ሞተሮች ደግሞ የታንኩ ፓምፕ ነዳጁን ለሌላ ከፍተኛ ግፊት ለሚፈጥር ሜካኒካል ፓምፕ ያቀብላል፤ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በመጀመሪያው ዓይነት ላይ ነው።

በታንኩ ውስጥ ያለው ፓምፕ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በሞተሩ ጫፍ ያለው ተሽከርካሪ ክንፍ ነዳጁን በወንፊት በኩል ስቦ በሞተሩ አካል ውስጥ ያሳልፈውና በላይኛው ጫፍ ያስወጣዋል። ነዳጁ በሚያልፍበት ጊዜ ሞተሩን ያቀዘቅዛል፣ ተሽከርካሪ ክፍሎቹንም ያለሰልሳል። ፓምፑ በቤንዚን ተከብቦ ሲሠራ የማይቃጠለው በውስጡ ለመቀጣጠል የሚበቃ አየር ስለሌለ ነው። በመውጫው ላይ ያለ የማይመልስ ቫልቭ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በመስመሩ ውስጥ ግፊት እንዲቆይ ያደርጋል፤ ሌላ የደኅንነት ቫልቭ ደግሞ መስመሩ ቢዘጋ ግፊቱ ከልክ እንዳያልፍ ይከላከላል።

በብዙ የቅርብ ጊዜ መኪኖች ፓምፑ፣ ወንፊቱ፣ ፊልትሮው፣ የግፊት መቆጣጠሪያውና የነዳጅ መጠን ጠቋሚው ተንሳፋፊ በአንድ አካል ተያይዘው ይገኛሉ። ከሞተሩ ወደ ታንክ የሚመለስ ቱቦ የለም፤ ከሚፈለገው በላይ የሆነው ነዳጅ በዚያው በታንኩ ውስጥ በመቆጣጠሪያው በኩል ይፈስሳል። ይህ አደረጃጀት በምርጫም ሆነ በምርመራ ጊዜ ሊታወስ የሚገባው ነው።

2. ከመለወጥ በፊት የሚደረጉ ልኬቶች

ምርመራው የሚጀምረው ቀላሉን ጥያቄ በመመለስ ነው፦ ፓምፑ ይዞራል ወይስ አይዞርም? በብዙ መኪኖች ቁልፍ ሲከፈት ፓምፑ ለ2 ሴኮንድ ያህል ሠርቶ ይቆማል፤ በሌሎች ላይ ደግሞ ሞተሪኖው ሞተሩን ማዞር ካልጀመረ አይሠራም። ስለዚህ ቁልፍ ተከፍቶ ድምፅ አለመሰማቱ ብቻውን የብልሽት ማስረጃ አይደለም። የኮምፒውተር መቆጣጠሪያው ሞተሩ መዞሩን የሚያሳውቅ ምልክት ካላገኘም ፓምፑን ያቆመዋል፤ ይህም በአደጋ ጊዜ ነዳጅ እንዳይፈስስ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። በዚህ የተነሣ የተበላሸ የሞተር ዙር ሴንሰር የሞተ ፓምፕ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ሁለተኛው ልኬት ግፊት ነው። መለኪያው በነዳጅ መስመሩ ላይ ተገጥሞ ሞተሩ በሥራ ፈት ዙር፣ በከፍተኛ ዙርና በሸክም ላይ ሳለ ንባቡ ይወሰዳል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ንባቡ ለደቂቃዎች ይጠበቃል። በሥራ ፈት ዙር የሚታይ ትክክለኛ ግፊት ለብቻው በቂ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሞተሩ በዚያ ሰዓት የሚጠቀመው ነዳጅ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ደካማ ፓምፕም ሊያሟላው ይችላልና።

ሦስተኛው የፍሰት መጠን ነው። 65 ኪሎ ዋት ኃይል ያለው አነስተኛ ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 0.32 ኪሎ ግራም ቤንዚን ይፈጃል ቢባል፣ የሚያስፈልገው 20.8 ኪሎ ግራም በሰዓት ይሆናል። የአንድ ሊትር ቤንዚን ክብደት በ0.74 ኪሎ ግራም ሲታሰብ ይህ 28 ሊትር በሰዓት፣ ወይም በ30 ሴኮንድ ከ230 ሚሊ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ጤነኛ ፓምፕ በሥራ ግፊቱ ላይ ከዚህ እጥፍ ገደማ ሲሰጥ አስተማማኝ ትርፍ አለው ማለት ይቻላል። መጠኑ በሥራ ግፊት ላይ መለካት ይኖርበታል፤ ቱቦውን ከፍቶ ያለ ግፊት በጠርሙስ መቅዳት ደካማውን ፓምፕ ጠንካራ አስመስሎ ያሳያል።

አራተኛው ቮልቴጅ ሲሆን፣ በተግባር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እርሱ ነው። ልኬቱ የሚወሰደው ፓምፑ እየሠራ፣ በፓምፑ ሶኬት ላይ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ የሚለካ ቮልቴጅ ያታልላል፤ በሽቦው ውስጥ ጅረት ስለማያልፍ የተበላሸው መገናኛ ጉድለቱን አያሳይም። የዚህ ዓይነት ፓምፕ ከ3 እስከ 6 አምፔር ገደማ ይወስዳል። በዝገት ወይም በመላላት የተነሣ በአንድ መገናኛ ላይ 0.3 ኦም ተቃውሞ ካለና 5 አምፔር ካለፈበት፣ 1.5 ቮልት በዚያ ስፍራ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይቀራል። ፓምፑ ግፊቱን ለመሸነፍ በቅድሚያ የተወሰነ ፍጥነት ማግኘት ስላለበት፣ የቮልቴጁ ቅናሽ ከሚጠበቀው በላይ የፍሰቱን መጠን ይቀንሳል።

ጉድለቱ በየትኛው ወገን እንዳለ ለመለየት የቮልቴጅ ውድቀት ይለካል። ለምሳሌ ሞተሩ በሥራ ላይ ሳለ ባትሪው 14.0 ቮልት፣ የፓምፑ ሶኬት ደግሞ 11.2 ቮልት ቢያሳይ 2.8 ቮልት ጠፍቷል ማለት ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ፓምፑ ፖዘቲቭ ሲለካ 0.6፣ ከፓምፑ ኔጌቲቭ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ሲለካ 2.2 ቮልት ከተገኘ፣ ዋናው ጥፋት ወደ መኪናው ቦዲ በሚታሰረው የኔጌቲቭ ሽቦ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ አዲስ ፓምፕ መግጠም ችግሩን አያስወግደውም፤ አንድን ብሎን ፈትቶ ማያያዣውን ማጽዳትና መልሶ ማጥበቅ ግን ያስወግደዋል።

የጅረቱ ልኬት የሌሎቹን ንባቦች ትርጉም ያሟላል። ቮልቴጁ ትክክል ሆኖ ጅረቱ ከልክ በላይ ከሆነ፣ ፓምፑ በታፈነ ፊልትሮ ላይ እየገፋ ነው፤ ወይም ውስጡ ተጣብቋል። ቮልቴጁ ትክክል ሆኖ ጅረቱ አነስተኛ፣ ግፊቱም ዝቅተኛ ከሆነ፣ ፓምፑ የሚገፋው ነዳጅ አላገኘም። ቮልቴጅ እያለ ጅረት ከናካቴው ከሌለ ደግሞ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ወይም የካርቦን ብሩሹ ተቋርጧል፤ ፓምፑ በእርግጥ ሞቷል የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው።

3. የተተኪው ምርጫ

ተተኪ ፓምፕ ሲመረጥ የቅርጹ መመሳሰል ብቻ አያስተማምንም። ሊመሳከሩ የሚገባቸው የሞተሩ ዓይነት፣ የሥራ ግፊቱ፣ በዚያ ግፊት የሚሰጠው መጠን፣ የሶኬቱ አደረጃጀትና የመግቢያና የመውጫ አፎቹ ስፋት ናቸው። ለካርቡራቶር የተሠራ ኤሌክትሪክ ፓምፕ ኢንጀክተር ላለው ሞተር አይበቃም፤ በተቃራኒው የኢንጀክተር ፓምፕ ያለ መቆጣጠሪያ ከካርቡራቶር ጋር ቢገናኝ ነዳጁ ሞልቶ በሞተሩ ላይ ይፈስሳል፣ የእሳት አደጋም ያስከትላል።

«ጉልበት ያለው ይሻላል» በሚል አስተሳሰብ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ፓምፕ መግጠምም የራሱ ጉዳት አለው። የግፊት መቆጣጠሪያው ትርፉን ነዳጅ የሚያሳልፍበት ቀዳዳ የተለካው ለነባሩ ፓምፕ ነው። ትርፉ ሲበዛ መቆጣጠሪያው ማሳለፍ ያቅተውና ግፊቱ ከተወሰነለት በላይ ይወጣል፤ ሞተሩም ከመጠን ያለፈ ነዳጅ ይረጭበታል። ትልቁ ፓምፕ ብዙ ጅረት ስለሚስብ ነባሩን ሽቦ፣ ሶኬትና ሪሌ ያሞቃል። ፊውዝ ተቃጥሎ ሲያስቸግር ከፍ ባለ አምፔር መተካት ደግሞ ጥበቃውን ከፊውዙ አንሥቶ ለሽቦው መስጠት ስለሆነ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

ሞተሩን ብቻ መግዛት ወይስ ሙሉውን አካል መለወጥ የሚለው ጥያቄ በአሮጌው አካል ሁኔታ ይወሰናል። የፕላስቲኩ አካል ካልተሰነጠቀ፣ ተንሳፋፊው በትክክል ከሠራና መቆጣጠሪያው ግፊት ከያዘ ሞተሩን ብቻ መለወጥ ወጪ ይቆጥባል። ወንፊቱ ግን በማናቸውም ሁኔታ አብሮ መለወጥ ይኖርበታል። ፊልትሮው ለብቻው የሚወጣ ከሆነም እንዲሁ ነው።

4. አገጣጠም

ከሥራው በፊት ሊጤን የሚገባው የቤንዚን ባሕርይ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል። ተኑ ከአየር ከ3 እስከ 4 ጊዜ ስለሚከብድ በወለል ላይ ይነጠፋል፤ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ከመቶ 1.4 ያህል ሲደርስም ለመቀጣጠል ይበቃል። ስለዚህ ሥራው በተዘጋ ክፍል ወይም በጋራዥ ጉድጓድ ላይ ሊሠራ አይገባም። ሲጋራ፣ ብየዳ፣ የከሰል ምድጃና ሊሰበር የሚችል አምፖል ከአካባቢው መራቅ፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያም በእጅ ቅርብ መገኘት አለበት።

ታንኩ ከሩብ በታች ነዳጅ እንዲኖረው ይደረጋል። ቀጥሎ የፓምፑ ፊውዝ ወይም ሶኬት ይነቀልና ሞተሩ በመስመሩ ውስጥ ያለውን ነዳጅ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ይሠራል፤ ለጥቂት ሴኮንዶችም በሞተሪኖው ይዞራል። ከዚያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል። በበርካታ የቤት መኪኖች ፓምፑ የሚገኘው ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ በብረት ወይም በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኖ ነው። ክዳኑ ከተነሣ በኋላ በፓምፑ ራስ ዙሪያ የተከማቸው አቧራ ሳይጸዳ ቀለበቱ ከተፈታ ቆሻሻው በቀጥታ ወደ ታንክ ይወድቃል፤ ስለዚህ ማጽዳቱ ከመፍታቱ ይቀድማል። ቱቦው በጨርቅ ተሸፍኖ በዝግታ ይነቀላል፤ የቀረ ግፊት ሊኖር ይችላልና።

አካሉ ሲወጣ የተንሳፋፊው ክንድ እንዳይታጠፍ በማዘንበል ይሳባል። ይህ ክንድ ጥቂት ቢጣመም የነዳጅ ጠቋሚው የተሳሳተ ንባብ ይሰጣል፤ ባለመኪናውም ነዳጅ ያለ መስሎት ባዶ ታንክ ይዞ ይቆማል፣ ጥፋቱም እንደገና ለፓምፑ ይሰጣል። አሮጌው ወንፊት ከመጣሉ በፊት መመርመር ይኖርበታል። ቀይ የዝገት ዱቄት፣ የጭቃ ደለል ወይም የውሃ ጠብታ ከተገኘ ታንኩ ታጥቦ ሳይደርቅ አዲስ ፓምፕ ማስገባት የፓምፑን ዕድሜ ማሳጠር ነው።

በአካሉ ውስጥ ፓምፑን ከመውጫው ጋር የሚያገናኘው ቱቦ የጎማ ከሆነ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ከውጭ ለሚዘረጋ መስመር የሚሸጥ ተራ የነዳጅ ጎማ ውስጡ ቤንዚንን ቢቋቋምም ውጪው አይቋቋምም፤ በነዳጅ ሲጠልቅ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ይቀደዳል። በታንክ ውስጥ የሚገባው ጎማ በኤስ ኤ ኢ ጄ 30 መለኪያ አር 10 የሚል ምልክት ያለው ሊሆን ይገባል። ማሰሪያዎቹም በዙሪያቸው እኩል የሚጠብቁ የኢንጀክተር መስመር ማሰሪያዎች መሆን አለባቸው። የማሸጊያ ቀለበቶች በጥቂት ቤንዚን ወይም ንጹሕ ዘይት ረጠብ ተደርገው ይገባሉ፤ ደርቀው ሲገቡ ይቆረጣሉ። የላይኛው ትልቁ ማሸጊያ ጎማ በአዲስ ይተካል እንጂ በተራ ሲሊኮን አይለሰንም። ተራ ሲሊኮን በቤንዚን ስለሚለሰልስ ማሸጉን ይተዋል፣ ተቆርጦም ወንፊቱን ይዘጋል።

ተተኪው ፓምፕ ከሌላ ዓይነት ሶኬት ጋር ከመጣ የሽቦዎቹ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ በቮልት መለኪያ ይረጋገጣሉ እንጂ በቀለም ብቻ አይታመኑም። በታንክ ውስጥ በእጅ ተጠማዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ተቀባይነት የለውም፤ ማጣበቂያው በቤንዚን ይሟሟል፣ መገናኛውም ይላላል። አካሉ ተመልሶ ሲገባ ወንፊቱ ሳይታጠፍ በታንኩ ወለል ላይ መተኛት አለበት።

የላይኛው ክዳን ከመዘጋቱ በፊት ባትሪው ይታሰርና ቁልፉ ደጋግሞ ተከፍቶ ይዘጋል። መስመሩ ግፊት ሲይዝ የፓምፑ ራስና መገናኛዎቹ በዓይንና በሽታ ይፈተሻሉ። ፍሳሽ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ሞተሩ ይነሣል፤ ግፊቱ፣ ቮልቴጁና ጅረቱም እንደገና ተለክተው ይመዘገባሉ። ይህ መዝገብ ወደፊት ችግር ሲነሣ ለማነጻጸሪያ ይሆናል።

5. ከገጠማ በኋላ የሚታዩ ችግሮች

አዲሱ ፓምፕ ፈጽሞ የማይዞር ከሆነ በቅድሚያ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ሶኬቱና የኔጌቲቭ መገናኛው ይፈተሻሉ። ሞተሪኖው በሚሠራበት ጊዜ በፓምፑ ሶኬት ላይ ቮልቴጅ ከሌለ ጥፋቱ ከፓምፑ ውጭ ነው።

ፓምፑ እየዞረ ግፊት ካልሰጠ አራት መንስኤዎች ይታሰባሉ፦ በአካሉ ውስጥ ያለው ቱቦ ተነቅሏል፤ የማሸጊያ ቀለበት ተቆርጧል ወይም ተረስቷል፤ ወንፊቱ ታጥፎ መግቢያውን ዘግቷል፤ ወይም ሁለቱ ሽቦዎች ተገለባብጠዋል። ሽቦው ሲገለበጥ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ድምፁ ስለሚሰማም ጤነኛ ይመስላል፤ ነዳጅ ግን በሚገባ አይገፋም።

በሥራ ፈት ዙር ደኅና የነበረ ግፊት በሸክም ጊዜ ከወረደ በዚያው ቅጽበት ቮልቴጁ ይታያል። ቮልቴጁ አብሮ ከወረደ ሽቦው፣ ካልወረደ ደግሞ ወንፊቱ፣ ፊልትሮው ወይም የፓምፑ አቅም ይጠረጠራል።

ሞተሩ ካደረ በኋላ ለመነሣት ብዙ መዞር ከፈለገ፣ ቁልፉን ሁለትና ሦስት ጊዜ ከፍቶ መዝጋት ፍንጭ ይሰጣል፤ ይህ ዘዴ የሚያገለግለው ቁልፍ ሲከፈት ፓምፑ በሚሠራባቸው መኪኖች ነው። ከዚያ በኋላ ቶሎ ከተነሣ ሌሊቱን ግፊቱ ጠፍቷል ማለት ነው። መንስኤው የማይመልሰው ቫልቭ፣ የግፊት መቆጣጠሪያው ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ሊሆን ይችላል። ኢንጀክተሩ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ሲነሣ የቤንዚን ሽታ ያለው ጥቁር ጭስ ይታያል፤ የአንዱ ሲሊንደር ካንዴላም ርሶ ይገኛል።

ከፍተኛ የጉምጉምታ ድምፅ ሁልጊዜ የፓምፑን ደካማነት አያመለክትም። አካሉ በጎማ ትራሱ ላይ በትክክል ካልተቀመጠ ንዝረቱ ወደ ታንኩ ይተላለፋል። ድምፁ እንደ ጠጠር መንኳኳት ያለና ነዳጁ ሲሞቅ የሚጨምር ከሆነ ግን፣ በታፈነ ወንፊት የተነሣ ነዳጁ በመግቢያው ላይ እየተነነ መሆኑን ይጠቁማል። ታንኩ ከተሞላ በኋላ ብቻ የሚሰማ የቤንዚን ሽታ ደግሞ የላይኛው ማሸጊያ አለመግጠሙን ያሳያል፤ እንዲህ ያለ መኪና ተጠግኖ ፍሳሹ እስኪቆም ድረስ ተሳፋሪ ሊጭን አይገባም።

6. ከፍታ፣ ሙቀትና የነዳጅ ንጽሕና

በባሕር ጠለል ላይ 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት፣ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ይህ በነዳጅ ሥርዓቱ ላይ ሁለት ተቃራኒ ውጤቶች አሉት። በአንድ በኩል ሞተሩ የሚስበው አየር በሩብ ያህል ስለሚቀንስ በሙሉ ጉልበት የሚፈልገው ነዳጅም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ነዳጁ በዝቅተኛ ሙቀት መትነን ስለሚጀምር፣ የታፈነ ወንፊት ያለው ፓምፕ ተን ወደ መሳብ ቶሎ ይደርሳል።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ መደምደሚያ መካኒኩም ሾፌሩም ሊያውቁት የሚገባ ነው። ከላይ የተጠቀሰው 65 ኪሎ ዋት ሞተር በባሕር ጠለል ላይ 28 ሊትር በሰዓት ከፈለገ፣ በአዲስ አበባ የሚፈልገው 21 ሊትር ገደማ ነው። ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለችው አዋሽ ሰባት ሲወርድ የአየሩ ግፊት ወደ 90 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል፤ የቆላው ሙቀት አየሩን ጥቂት ቢያሳሳውም ፍላጎቱ ወደ 24 ሊትር ይወጣል። በእርጅና ምክንያት 22 ሊትር ብቻ መስጠት የሚችል ፓምፕ በከተማ ሲፈተሽ ያልፋል፤ በቆላው መንገድ ግን ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ፣ ለምሳሌ ከባድ መኪና ሲቀደም፣ ያንሳል። የነዳጁና የፓምፑ ሞተር መሞቅ ሲታከልበት ጉድለቱ ይሰፋል። ጉልበት የሚጠፋው በመቅደም ላይ ሳለ መሆኑ ደግሞ ጉዳዩን ከወጪ ጥያቄ አሻግሮ የሕይወት ጥያቄ ያደርገዋል። ስለዚህ በደጋ የሚደረግ ፍተሻ «በቂ ነው» በሚል ሳይሆን በአምራቹ በተወሰነው ልክ መመዘን አለበት።

የነዳጁ ንጽሕናም ከዚህ አይለይም። እጥረት በሚኖርበት ጊዜ በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚገዛ ቤንዚን አቧራና ውሃ ይዞ ሊገባ፣ ከነጭ ጋዝ ጋርም ተቀላቅሎ ሊሸጥ ይችላል። ታንኩን እስኪደርቅ መንዳት ፓምፑ አየር እንዲስብና ማቀዝቀዣውን እንዲያጣ ያደርጋል። ነዳጁ ሁልጊዜ ከሩብ በላይ እንዲሆን ማድረግ ምንም ወጪ የማይጠይቅ የፓምፕ ጥበቃ ነው።

ማጠቃለያ

የነዳጅ ፓምፕ ያረጃል፤ ካርቦኑ ያልቃል፣ ቫልቩ ይላላል፣ ክንፉ ይፋቃል። በዚህ ጊዜ መለወጡ ተገቢ ነው። ነገር ግን የዝገት ሽቦ፣ የታፈነ ወንፊት፣ የቆሸሸ ታንክና የላላ ኔጌቲቭ የሚሰጡት ምልክት ከአረጀ ፓምፕ ምልክት ጋር ይመሳሰላል፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው ልኬት ብቻ ነው። የግፊት መለኪያና የቮልትና የአምፔር መለኪያ ከአንድ አላስፈላጊ የፓምፕ ግዢ ጋር ሲነጻጸሩ ብዙ ወጪ የሚጠይቁ መሣሪያዎች አይደሉም፤ ለዓመታትም ያገለግላሉ።

በመሆኑም ጋራዦች ፓምፕ ከመለወጣቸው በፊት አራቱን ልኬቶች በጽሑፍ መዝግበው ለባለመኪናው ቢያሳዩ፣ ከገጠማ በኋላም ያንኑ ቢደግሙ፣ ጥቅሙ ለሁለቱም ወገን ነው። ባለመኪናው የከፈለበትን ምክንያት ያውቃል፤ መካኒኩም አዲሱ ዕቃ ቢበላሽ ጥፋቱ ከዕቃው ይሁን ከሥርዓቱ በማስረጃ መናገር ይችላል። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም የቮልቴጅ ውድቀት ልኬትን ከኤሌክትሪክ ትምህርት ጋር ብቻ ሳያስቀሩ በነዳጅ ሥርዓት ትምህርት ውስጥ ቢያስገቡት፣ ሠልጣኙ ሽቦንና ፓምፕን እንደ አንድ ሥርዓት ማየት ከመጀመሪያው ይለምዳል።